ትኬት ሲሰጣችሁ ጠበቃ፣ ክሊኒክ (የመንዳት ትምህርት) ወይስ ዝም ብሎ መክፈል? (ጥቆማ ለዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ሹፌሮች)

"ጥሩ የትኬት ጠበቃ ታውቃለህ?" የሚል ስልክ በወር አንድ ሁለቴ አይጠፋም። አሥራ አንድ ዓመት ኡበርና ሊፍት ስለነዳሁ ሰው ሁሉን የማውቅ ይመስለዋል። ጠበቃ አይደለሁም። ግን በሦስቱም ቦታ ትኬት ተሰጥቶኛል፣ በሁለቱ ዳኛ ፊት ቆሜያለሁ። ከኪሴ ከፍዬ የተማርኩትን እዚህ ላስቀምጠውና ከዛሬ ጀምሮ የሚደውልልኝን ሁሉ ወደዚህ ልላከው።

መጀመሪያ ወረቀቱን አንብቡት። የሚደውልልኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምን እንደተሰጠው አያውቅም። "ፍጥነት ነው" ይለኛል። ፍጥነትማ ነው፣ ግን በፖስታ የመጣ የካሜራ ነው? ፖሊስ አስቁሞ የሰጠው ተራ ትኬት ነው? ወይስ ሪክለስ ድራይቪንግ (በግዴለሽነት መንዳት) ይላል? ለካሜራ ጠበቃ መያዝ ገንዘብ መጣል ነው። ለሪክለስ ደግሞ "ከፍዬ እገላገላለሁ" ማለት አይቻልም፣ ምክንያቱም ከነጭራሹ ቀድሞ የሚከፈል ትኬት አይደለም።

ከሪክለስ ልጀምር፣ ሐበሻን እያቃጠለ ያለው እሱ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከተፈቀደው በ20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ካለፋችሁ፣ ወይም የመንገዱ ወሰን ምንም ይሁን ምን ከ85 ማይል በላይ ከነዳችሁ ሪክለስ ነው። 70 በሚፈቅድ ሀይዌይ ላይ 86 መንዳት ማለት ነው። ይሄ ተራ ጥፋት አይደለም፣ ወንጀል ነው። እስከ 12 ወር እስር፣ እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት፣ ዳኛው ከፈለገ እስከ 6 ወር የመንጃ ፈቃድ እገዳ አለው። 6 ፖይንት (የጥፋት ነጥብ) ይያዝባችኋል፣ መዝገባችሁ ላይ ደግሞ 11 ዓመት ይቀመጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው በፍጥነት ብቻ እስር ቤት የሚገባው አልፎ አልፎ ነው፣ ግን ኢንሹራንሱ አይምርም። ኡበርና ሊፍትም የመንጃ መዝገብ ያያሉ።

እኔን የያዘኝ ሀይዌይ 95 ላይ ነው። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰው ሪችመንድ አድርሼ ስመለስ፣ 65 በሚልበት 88። ፖሊሱ ጨዋ ነበር። "እዚህ ጋ ፈርም" ሲለኝ ጥፋቴን ማመን መስሎኝ ተከራከርኩት። አይደለም። ፊርማው በቀኑ ፍርድ ቤት እቀርባለሁ የሚል ቃል ብቻ ነው። ፈርሙ፣ አመስግኑ፣ ሂዱ። መንገድ ዳር ላይ የምትናገሩትን ፖሊሱ ይጽፈዋል፣ ፍርድ ቤትም ያነበዋል።

በአራተኛው ቀን የፖስታ ሳጥኔ በጠበቃ ደብዳቤ ሞላ። ቆጠርኳቸው፣ አሥራ አራት። ባለቤቴ ምን ወንጀል ብሠራ ነው ብላ ደነገጠች። ክሱ ለሕዝብ ክፍት መዝገብ ስለሆነ ጠበቆች ስምና አድራሻችሁን ከዚያ እያወጡ ነው የሚልኩት። አትደንግጡ፣ ደብዳቤዎቹንም ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉ። ዋጋ ለማወዳደር ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። እኔ ሦስቱ ጋ ደወልኩ።

የመጀመሪያው 450 ዶላር አለኝ። ስልኩን ያነሳችው ጸሐፊዋ ናት። ስንት ነድቼ እንደተያዝኩ እንኳን ሳትጠይቀኝ "አይዞህ፣ እናስቀንሰዋለን፣ የካርድ ቁጥርህን ስጠኝ"። ሁለተኛው ደብዳቤው በወፍራም ወረቀት ላይ የታተመ ነው፣ 1,200 ዶላር። ሦስተኛው 700 አለኝ። ልዩነቱ ጥያቄው ነው። የትኛው ፍርድ ቤት ነው? ከዚህ በፊት ትኬት አለህ? ዜጋ ነህ ወይስ ግሪን ካርድ? ሥራህ ምንድን ነው? መኪናው ስንት ዓመቱ ነው? የመጨረሻው ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር፣ እመለስበታለሁ። "ዕለቱን እዚያ ፍርድ ቤት ሌላም ደንበኛ አለኝ" ሲለኝ ያዝኩት። የኔ ጥቆማ ይሄ ነው፦ በዋጋ ሳይሆን ያ ፍርድ ቤት በየሳምንቱ የሚገባውን ሰው ፈልጉ። የፌርፋክስ ጠበቃ ወደ ታች ካውንቲ ወርዶ ብዙም ላይጠቅማችሁ ይችላል። ውጤቱን አስቀድሞ ዋስትና የሚሰጣችሁን ደግሞ ስልኩን ዝጉበት። ፈቃድ ያለው መሆኑን በቨርጂኒያ ስቴት ባር ድረ ገጽ ላይ በሁለት ደቂቃ ታያላችሁ።

አማርኛ የሚናገር ጠበቃ ይሻላል ወይ? ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ለምክክሩ ደስ ይላል፣ ነገሩን እንደሆነ ትነግሩታላችሁ። ግን ለፍርድ ቤቱ ተብሎ አይደለም። ፍርድ ቤቱ የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ ያቀርብላችኋል። ቀኑ ሳይደርስ ጽሕፈት ቤቱ ደውላችሁ ጠይቁ፣ በዕለቱ ከጠየቃችሁ ቀጠሮ ሊተላለፍ ይችላል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃችሁን አስተርጓሚ አድርጋችሁ አትሂዱ፣ እባካችሁ።

ከሁሉ የማልመክራችሁ ፎርም ሞይዎቹን ነው። የኢሚግሬሽን ወረቀት፣ ታክስ፣ ትኬት፣ ሁሉን አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚሠሩትን ማለቴ ነው። አንዱ ጓደኛዬን 150 ዶላር አስከፍሎ "ለዳኛው ደብዳቤ" ጻፈለት። ደብዳቤው ላይ "በጣም ስቸኩል ስለነበር በፍጥነት ነዳሁ" ይላል። ከፍለህ ራስህ ላይ መመስከር ማለት ነው! እነሱ ፍርድ ቤት መቆም አይችሉም፣ ጠበቃም አይደሉም።

አሁን ወደ መኪናው ዕድሜ። ጠበቃው የላከኝ መካኒክ ጋ ነው። ካሊብሬሽን ይባላል። መኪናውን ሮለር ላይ አቁመው የፍጥነት መለኪያው የሚያሳየውንና ጎማው በእውነት የሚሽከረከርበትን ያወዳድራሉ። የኔ አሮጌ ካምሪ ዳሽቦርዱ 85 ሲል በእውነቱ 88 ይሄድ ነበር። በ80 ዶላር ማህተም ያለው ወረቀት ይዤ ወጣሁ። የቨርጂኒያ ሕግ ዳኛው ይሄን ወረቀት እንዲቀበል ይፈቅዳል። ሁሉም ጋራዥ አይሠራውም፣ መጀመሪያ ደውላችሁ "ለፍርድ ቤት ነው" በሉ። በሦስት ማይል ምክንያት ነጻ ወጣሁ እያልኩ አይደለም። ግን ከተደመረው አንዱ እሱ ነው።

ሌላው የተደመረው ክሊኒኩ ነው፣ የስምንት ሰዓቱ የመንዳት ትምህርት። ዳኛው ሳያዝዛችሁ ቀድማችሁ ብትወስዱት ጠበቃችሁ ለዳኛው የሚያሳየው ነገር ያገኛል። በፈቃዳችሁ ስትወስዱት ደግሞ ዲኤምቪ (የመንጃ ፈቃድ ቢሮው) 5 ጥሩ ፖይንት ይጨምርላችኋል፣ በሁለት ዓመት አንዴ። በኦንላይን ነው የወሰድኩት። ርካሽ ነው፣ ግን ሰዓት ይቆጥራል፣ ገጹን ገልብጦ መሮጥ የለም፣ ሦስት ሌሊት ፈጅቶብኛል። ባለቤቴ በክፍል ወስዳለች፣ ቅዳሜን ሙሉ በላባት፣ ግን በአንድ ቀን ተገላገለች። እንግሊዝኛ ማንበብ ለሚከብደው ሰው ክፍሉ ይሻላል ባይ ነኝ፣ አስተማሪውን ማስቆምና መጠየቅ ይቻላል። ብቻ ከመክፈላችሁ በፊት የቨርጂኒያ ዲኤምቪ ዝርዝር ላይ መኖሩን እዩ። ኢንተርኔት ላይ "የስምንት ሰዓት ትራፊክ ስኩል" እያሉ የሚሸጡ አሉ፣ ወረቀታቸው ቨርጂኒያ ላይ ምንም አያደርግላችሁም።

እንግዲህ ዳኛዋ ወረቀቶቹን አየች። 88ቱን ወደ 79 አወረደችው፣ ሪክለሱ ቀረ፣ ተራ ፍጥነት ሆነ። በአንድ ማይል 6 ዶላር፣ በ14 ማይል 84፣ ከዚያ የፍርድ ቤት ወጪ። 4 ፖይንት ተያዘብኝ። ጠበቃ፣ ካሊብሬሽንና ክሊኒክ ሲደመር ከ800 ዶላር በላይ ወጣብኝ፣ አልቆጨኝም። ውሳኔው ካልተስማማችሁ 10 ቀን አላችሁ፣ ሰርኪዩት ኮርት (የበላዩ ፍርድ ቤት) ይግባኝ ካላችሁ ጉዳዩ ከዜሮ ይጀመራል። ጠበቃ መክፈል የማይችል ደግሞ ዳኛው ፊት ይናገር፤ እስር ሊያስፈርድ የሚችል ክስ ከሆነ መንግሥት ጠበቃ ሊመድብለት ይችላል።

ሜሪላንድ ቀለል ይላል። ፖሊስ ለሰጣችሁ ትኬት መልስ ለመስጠት 30 ቀን አላችሁ፣ ምርጫው ሦስት ነው። መክፈል ማለት ጥፋተኛ ነኝ ማለት ነው፣ ፖይንቱም አብሮ ይመጣል። ሁለተኛው "ጥፋተኛ ነኝ ግን ላስረዳ" ነው፣ ፖሊሱ አይመጣም። ሦስተኛው ክርክር ነው፣ ፖሊሱ ይጠራል። መዝገባችሁ ንጹሕ ከሆነ ሁለተኛውን ያለ ጠበቃ ሞክሩት። ንጹሕ ሸሚዝ ልበሱ፣ አጭር ተናገሩ፣ ፒቢጄ ጠይቁ። ፒቢጄ ማለት ዳኛው ጥፋተኛ ብሎ ሳይመዘግብ በሙከራ ጊዜ የሚያልፈው ነው፣ ፖይንት የለውም። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ለተሰጠኝ ትኬት በአምስት ደቂቃ ነው ያለቀልኝ። ፖይንት የተጠራቀመባችሁ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ 8 ሲሞላ መንጃ ፈቃድ ይታገዳል፣ 12 ሲሞላ ይሰረዛል። 6 ወይም 7 ላይ ያለ ሰው በራሱ አይሂድ፣ ለጠበቃ ይክፈል።

የዲሲ ካሜራ። መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ ፖይንት የለውም፣ ጠበቃ አያስፈልገውም። ዝቅተኛው የፍጥነት ቅጣት 100 ዶላር ነው፣ ቀኑ ካለፈ እጥፍ ይሆናል። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ፎቶውን አጉልታችሁ እዩት። አንድ ጓደኛዬ በሌላ ሰው መኪና ተከሶ ነበር፣ ታርጋው ላይ 8ን ቢ ብለው አንብበውት። የራሱን መኪና ፎቶ ከጎን አድርጎ በኦንላይን ላከ፣ ተሰረዘለት። መኪናውን ቀድማችሁ ሸጣችሁ ከሆነም የሽያጩን ወረቀት ላኩ። በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ሕግ አማርኛን ይጨምራል፣ ስለዚህ የዲሲ መሥሪያ ቤት ስትሄዱ በአማርኛ እንዲያስተናግዷችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

"የቨርጂኒያ ታርጋ ነው ያለኝ፣ ዲሲ ምን ያደርገኛል" የሚለው የቡና ላይ ምክር ጊዜው አልፎበታል። 60 ቀን ያለፋቸው ሁለት ትኬቶች ካሉባችሁ ዲሲ ውስጥ ባቆማችሁበት ጎማው ላይ ቡት (መኪናው እንዳይንቀሳቀስ የሚቆልፍ ብረት) ያስሩላችኋል። 2024 ላይ ደግሞ ከተማዋ ከሌላ ስቴት የሚመጡ ሹፌሮችን ፍርድ ቤት መክሰስ የሚያስችል ሕግ አወጣች፣ መክሰስም ጀምራለች።

መንጃ ፈቃድ ለታገደባችሁ፦ ጠበቃ ጋ ከመሮጣችሁ በፊት ዲኤምቪ ሂዱና ምን እንደጎደላችሁ የሚዘረዝረውን ወረቀት አስወጡ። ቨርጂኒያ ከጁላይ 1፣ 2020 ጀምሮ የፍርድ ቤት ቅጣት ስላልከፈላችሁ ብቻ አታግድም፣ ስለዚህ የእናንተ በሌላ ምክንያት ነው ማለት ነው። የአጎቴ ልጅ መታገዱን ያወቀው ፖሊስ ሲያስቆመው ነው። ከአሌክሳንድሪያ ወደ ውድብሪጅ ሲዛወር አድራሻ አልቀየረም፣ ማስጠንቀቂያው የድሮው ቤዝመንት ሲሄድ ከረመ። ታግዶ መንዳት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፣ ልክ እንደ ሪክለሱ ደረጃ። ያኔ ጠበቃ ያዘ፣ ትክክል ነበር። ለሥራ ብቻ የሚያስነዳ የተወሰነ ፈቃድ ዳኛውን መጠየቅ የሚቻልበት ጊዜ አለ፣ ይሄንንም ጠበቃችሁን ጠይቁት።

ግሪን ካርድ ላይ ያላችሁ፣ የዜግነት ፎርሙ ስለ ክስ ይጠይቃል። ሪክለስ ወንጀል ስለሆነ ለትኬት ጠበቃው ስለ ወረቀታችሁ ንገሩት፣ ሳይጠይቃችሁም ቢሆን። የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ቅጂ አውጥታችሁ አስቀምጡ።

ዕቃ ለምትጠይቁኝ። የስልክ ማስቀመጫ፣ አየር ማስወጫው ላይ የሚሰካው ሳይሆን ዳሽቦርዱ ላይ የሚጣበቀው፣ 18 ዶላር ነው የገዛሁት። ቨርጂኒያ ስልክ በእጅ መያዝ የመጀመሪያው 125፣ ሁለተኛው 250 ዶላር ነው፣ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። ዌዝ የሚባለውን የመንገድ አፕ ክፈቱ፣ ካሜራ ሲቃረብ ይናገራል። ራዳር የሚያሳውቀውን መሣሪያ ግን እንዳትገዙ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ውስጥ የተከለከለ ነው። ዳሽካም ጥሩ ነው፣ ለአደጋም ለተሳፋሪ ጸብም። አንድ ነገር ብቻ፦ ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ ቪዲዮው ላይ ፍጥነት የሚያትመውን አጥፉት። አንዱ ወዳጄ ጥፋተኛ አለመሆኑን ሊያሳይ ቪዲዮውን ለጠበቃው አመጣ፣ ጠበቃው አንዴ አየውና "ይሄንን ለማንም አታሳይ" አለው። ከሥር በኩል በነጭ ፊደል 91 ይል ነበር።

ከሪችመንድ በታች፣ በተለይ ኢምፖሪያ አካባቢ፣ በየሳምንቱ ፍርድ ቤት የሚገባ ጠበቃ የያዛችሁ ካላችሁ ስንት እንደከፈላችሁና ምን እንደወጣ ጻፉልኝ። ወደ ሰሜን ካሮላይና የሚመላለሱ ሦስት ሰዎች እየጠየቁኝ ነው፣ እኔ እዚያ አልተያዝኩም።