ከአባቴ ጋር ስለ አየር ንብረት ለውጥ እንዴት ልነጋገር?

ጥያቄ፦
አባቴ በደቡብ ወሎ ደጋ የበልግ ገብስ እያመረቱ ያሳደጉን ገበሬ ናቸው። ለፋሲካ ስሄድ ሁልጊዜ የበልጉን መቅረት በሐዘን ያነሳሉ፤ መንስኤው የዓለም ሙቀት መጨመር ነው ስላቸው ግን «ፈጣሪ በኃጢአታችን ተቆጥቶ ነው» ብለው ነገሩን ይዘጉታል። ዘንድሮ ድምፄን ከፍ አድርጌ በጎረቤት ፊት አስቀየምኳቸው፤ እስካሁን ይቆጨኛል። እምነታቸውን ሳልጋፋ ልግባባቸው የምችለው እንዴት ነው?

ምላሽ 1፦
በሰሜን ሸዋ የግብርና ባለሙያ ሆኜ ስሠራ የተማርኩት፣ ዕድሜውን ሙሉ ሰማይ ሲያይ የኖረን ገበሬ ስለ ዝናብ ከማስተማር መጠየቅ እንደሚሻል ነው። በወጣትነታቸው የበልግ ገብስ በየትኛው ወር ይዘራ እንደነበር፣ ውርጩ መቼ ይወርድ እንደነበር፣ ወባ እስከ የትኛው መንደር ትደርስ እንደነበር ይጠይቋቸው። ወባን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሞቃት በሆኑ ዓመታት በሽታው ወደ ደጋው ከፍ እንደሚል በአገራችን በተደረገ ጥናት ታይቷል። ስለ ካርቦን ማውራቱ ይቆይ።

ምላሽ 2፦
ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ አባትዎ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ማኖራቸው ነው። ሙቀቱን ያመጣው በዋናነት በበለጸጉት አገሮች ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሲቃጠል የኖረው የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅና ጋዝ ነው፤ በበሬ የሚያርስ ገበሬ በዚህ ያለው ድርሻ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ይህን መስማት ሸክም ያቀልላቸዋልና በዚያው መንፈስ ይንገሯቸው። ዝናብ ሲጠፋ ምህላ መያዛቸውንም አይንቀፉ፤ ምህላውም የእርከን ሥራውም የሚሠራው በአንድ መንደር ሰው ነው።

ምላሽ 3፦
አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ለእያንዳንዱ ድርቅ የአየር ንብረት ለውጥን ምክንያት ማድረግ አመኔታ ያሳጣል። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለምግብ እርዳታ የዳረገው ድርቅ ዋና መንስኤ ኤል ኒኞ ነበር፤ እርሱም የፓስፊክ ውቅያኖስ በየጥቂት ዓመቱ ሲሞቅ የሚከሰት የተፈጥሮ ዑደት ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው የቦረናን ከብት የፈጀውን ድርቅ ግን፣ ሙቀቱ የአፈሩን እርጥበት ይበልጥ በማትነን እንዳባባሰው ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ልዩነቱን ሳይደብቁ ይንገሯቸው።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ደውዬ አስቀድሜ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ቀጥሎም በልጅነታቸው ገብሱ መቼ ይዘራ እንደነበር አነሳሁ። ከቤታችን በታች ያለው ወንዝ ያን ጊዜ በበጋ እንደማይደርቅ ሳይቀር ሲነግሩኝ አመሹ። ሊሰናበቱኝ ሲሉም «አንተስ የተማርከው ምን ይላል?» ብለው ጠየቁኝ።