እናቴ ኬሞ ላይ ናት፤ የሚመጣላትን የባህል መድኃኒት ምን ላድርገው?

ሰላም ወገኖች፣ ከደሴ ነኝ። እናቴ የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ኬሞ ጀምራለች፤ አሁን የምትወስደው ፓክሊታክሰል የሚባለውን ነው። ጠያቂ ሁሉ አንድ ነገር ይዞ ይመጣል። አክስቴ ከወረኢሉ ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሳ ላከች፣ ጎረቤት የሽፈራው ዱቄት አመጣች፣ አንድ ዘመድ ደግሞ ስሙን እንኳ የማይነግረንን ሥር ቀጥቅጦ "ይህን እየጠጣች መርፌውን ታቁም" አለን። ኬሞውን ማቆም የሚባለውን አልሰማም፣ እሱ ያለቀ ነገር ነው። ሥሩንም አላስነካኋትም።

የጨነቀኝ ጥቁር አዝሙዱ ነው። እማዬ በእምነት ነው የምትወስደው፣ ብከለክላት ልቧ ይሰበራል። ለሐኪሙ ልንገረው ስላት ደግሞ "ይቆጣል፣ ተይው" ትላለች።

እኔ ዕፅዋትን አልንቅም። ፓክሊታክሰል ራሱ መጀመሪያ የተገኘው ከዛፍ ቅርፊት ነው። ግን እሱ ተጣርቶ፣ ተለክቶ ነው የሚሰጠው። አንዳንድ ዕፅዋት ደግሞ ጉበት መድኃኒቱን የሚሰባብርበትን ፍጥነት ይለውጣሉ፤ ያኔ ኬሞው ወይ ይደክማል ወይ ከልክ በላይ ይበረታባታል። ጉበቷ ቢጎዳስ? ደሟ ሲመረመር ቁጥሩ ቢዛባ ምክንያቱን በምን ያውቁታል?

እባካችሁ ፋርማሲስት ወይም የካንሰር ሐኪም የሆናችሁ፣ ወጥ ላይ የሚነሰነሰው ጥቁር አዝሙድና ጠዋት ጠዋት በማንኪያ የሚዋጠው ልዩነት አላቸው? ለማቅለሽለሹ ቀጭን የዝንጅብል ሻይ እየሰጠኋት ነው፣ ልቀጥል? እናት ያስታመማችሁ ደግሞ፣ የምትወስደውን ሁሉ ለሐኪሟ እንድትናገር በምን አግባባችኋት? ቀጣዩ ኬሞ ሳይደርስ መልሱልኝ።