ባፊሎማይሲን፣ ናይጀሪሲን፣ ቫሊኖማይሲን፦ ዶፓሚን በየትኛው ይቆማል? እርዱኝ

ሁለተኛ ዓመት ሜዲሲን (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሐሙስ የባዮኬሚስትሪ ፈተና አለብኝ። አንድ የመለማመጃ ጥያቄ ላይ ተቸክዬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ከአይጥ አንጎል የተለዩ ሲናፕቲክ ቬሲክሎች፣ ኤ ቲ ፒ፣ ፖታሲየምና ጥቂት ክሎራይድ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። (ሀ) ባፊሎማይሲን፣ (ለ) ናይጀሪሲን፣ (ሐ) ቫሊኖማይሲን ቢጨመር ዶፓሚን፣ ግሉታሜትና ጋባ ወደ ቬሲክሉ መግባታቸው ምን ይሆናል? ምክንያቱን አስረዳ።»

ሲናፕቲክ ቬሲክሎች በነርቭ ሴል ውስጥ እንደ ዶፓሚን፣ ግሉታሜትና ጋባ ያሉ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካሎች የሚከማቹባቸው ትንንሽ ከረጢቶች መሆናቸውን፣ ኤ ቲ ፒም የሴሉ ነዳጅ መሆኑን አውቃለሁ። ስላይዳችን ላይ ያለው ግን አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ቬሲክሎች የሚሞሉት በፕሮቶን ጉልበት ነው።» ፓምፑ ፕሮቶን ወደ ውስጥ እንደሚያስገባና ውስጡ አሲድ እንደሚሆን ገብቶኛል። ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው። ውስጡ አሲድ መሆኑ ከዶፓሚን ጋር ምን አገናኘው? መልሱን ብቻ ሳይሆን መንገዱን ንገሩኝ። መልሱንማ ጓደኛዬ ሰጥታኛለች፤ ለምን እንደሆነ ግን እሷም አታውቅም።

የፋርማሲው ልጅ

እህቴ አትጨናነቂ። ሦስቱም የፕሮቶኑን ነገር የሚያበላሹ ናቸው። ስለዚህ በሦስቱም ሁሉም ይቆማል። ቀጥይ ወደሚቀጥለው ጥያቄ 😀

ጎቲንገን፣ ላብ ውስጥ

ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝና ያ የሚሠራው ለ(ሀ) ብቻ ነው። በ(ለ) እና በ(ሐ) እንዲህ ብትጽፍ ዜሮ ታገኛለች።

እህቴ፣ ቤታችሁ ጣራ ላይ ሮቶ አለ? ፓምፑ ውሃውን ወደ ላይ ይገፋል። ቧንቧ ስትከፍቺ የሚመጣው ውሃ ግን በፓምፑ ሳይሆን በከፍታው ነው የሚወርደው። ቬሲክሉም እንደዚያ ነው። ቪ-ኤቲፒኤዝ የሚባለው ፓምፕ ኤ ቲ ፒ እያቃጠለ ፕሮቶን ወደ ውስጥ ይገፋል። ዶፓሚንን በእጁ አይነካውም። ዶፓሚኑን የሚያስገባው ሌላ ፕሮቲን ነው፤ ቪማት 2 ይባላል። እሱ ደግሞ ኤ ቲ ፒ አይበላም። የሚሠራው ፓምፑ ባጠራቀመው ነው።

ስላይዱ የዘለለብሽ ነገር ይሄ ነው፦ አንድ ፕሮቶን ሲገባ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይጠራቀማል። አንደኛው አሲድነት ነው፤ ውስጡ ፒ ኤች 5.5 ገደማ፣ ውጪው 7.2 ገደማ። ሁለተኛው ቻርጅ ነው፤ ፕሮቶን ፖዘቲቭ ስለሆነ ውስጡ ከውጪው ይልቅ ፖዘቲቭ ይሆናል። አንድ ፓምፕ፣ ሁለት ቁጠባ። ማን ከየትኛው እንደሚያወጣ ካወቅሽ ጥያቄው አለቀ።

ቪማት 2ን እንደ ታክሲ ረዳት አስቢው። ሁለት ፕሮቶን ያወርዳል፣ አንድ ዶፓሚን ይጭናል። ዶፓሚን ራሱ አንድ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዞ ነው የሚገባው። ሁለት ፖዘቲቭ ወጣ፣ አንድ ፖዘቲቭ ገባ። በድምሩ የወጣው ቻርጅ አንድ ነው፤ የወጣው ፕሮቶን ግን ሁለት። ስለዚህ ዶፓሚን ከአሲድነቱ ቁጠባ ሁለት ጊዜ፣ ከቻርጁ አንድ ጊዜ ያወጣል ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። የ1.7 ፒ ኤች ልዩነት ማለት ወደ 50 እጥፍ ፕሮቶን ነው። ሁለት ፕሮቶን ስለሆነ 50 ሲባዛ በ50፣ 2,500። ቻርጁ 60 ሚሊቮልት ገደማ ነው ብንል ሌላ 10 እጥፍ ይጨምራል። 25,000! በወረቀት ላይ ቪማት 2 ዶፓሚንን ከውጪው 25 ሺህ ጊዜ እስኪበልጥ ድረስ ማከማቸት ይችላል።

ግሉታሜት ሌላ ሰው ነው። ኔጋቲቭ ነው። ውስጡ ፖዘቲቭ ከሆነ በራሱ ይሳባል፤ ስለዚህ በዋናነት የሚኖረው በቻርጁ ቁጠባ ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቶቹ፦

ባፊሎማይሲን ፓምፑን ራሱን ይዘጋል። ሁለቱም ቁጠባ ይነጥፋል። ሦስቱም ይቆማሉ። እዚህ ላይ የፋርማሲው ልጅ ልክ ነው።

ናይጀሪሲን አንድ ፕሮቶን አውጥቶ አንድ ፖታሲየም ያስገባል። ፖዘቲቭ በፖዘቲቭ ስለተለወጠ ቻርጁ አይነካም። አሲድነቱ ግን ይፈሳል። ዶፓሚን ክፉኛ ይወርዳል። ግሉታሜት ይቀጥላል፤ እንዲያውም ሊጨምር ይችላል፤ ፓምፑ አሲዱ ስለማይከለክለው ይበልጥ ይገፋና ቻርጁ ያድጋል።

ቫሊኖማይሲን ፖታሲየምን ብቻ፣ ያለ ልዋጭ ያሳልፋል። ቻርጁ ይፈሳል። ግሉታሜት ይወርዳል፣ ዶፓሚን ብዙም አይጎዳም።

ጋባን ለራስሽ ትቼልሻለሁ። ጋባ በገለልተኛ ፒ ኤች አንድ ፖዘቲቭ አንድ ኔጋቲቭ ስላለው ድምሩ ዜሮ ነው፤ የሚገባው በፕሮቶን ልዋጭ ነው። ቁጠሪና ንገሪኝ።

ጡረተኛው የባዮኬሚስትሪ መምህር

ልጄ፣ የጎቲንገኑ ልጅ በደንብ ተናግሯል። ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ ጥያቄው ውስጥ «ጥቂት ክሎራይድ» የሚለውን ተማሪ ሁሉ ይዘለዋል። ክሎራይድ ሲበዛ ኔጋቲቭ ሆኖ ይገባና ቻርጁን ያጣፋል፤ ፓምፑም አሲዱን ይበልጥ ማጠራቀም ይችላል። ጥቂት ሲሆን፣ ለምሳሌ 4 ሚሊሞላር፣ ቻርጁ ትልቅ ይሆናል፤ ግሉታሜትም ጥሩ ይገባል። ወደ 150 ብትወስጂው ግሉታሜቱ ይወርዳል። ፈታኙ ይህን ያስገባው ለጌጥ አይደለም።

ሁለተኛው ለመደነቅ ያህል ነው፤ ፈተና ላይ አይመጣም። የቬሲክሉ ስፋት ከውጪ 40 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ የውስጡ 30 ብለን እንያዝ። ይዘቱን በፒ ኤች 5.5 አስቢው። ስንት ነጻ ፕሮቶን ይገኛል? እኔ ስሠራው 0.03 ገደማ ነው የመጣልኝ። አንድ እንኳ አይሞላም! በየቅጽበቱ አብዛኛው ቬሲክል ውስጥ ነጻ ፕሮቶን የለም ማለት ነው። የተገፋው ፕሮቶን ሁሉ ከፕሮቲንና ከሌሎች ሞለኪውሎች ጋር ተጣብቆ ነው የሚቀመጠው። ግሉታሜት ግን በዚያችው ጠባብ ቦታ ከ1 ሺህ እስከ 2 ሺህ ሞለኪውል ይታጨቃል። ለ30 ዓመት ሳስተምር ይህን ስሌት ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ክፍሉ ዝም ይል ነበር።

ጎቲንገን፣ ላብ ውስጥ

ጋሼ፣ ይሄኛውን እኔም አላውቀውም ነበር 🙏 አንድ ነገር ከኔም ይያዝ፦ እ.ኤ.አ. በ2006 እዚሁ ጎቲንገን፣ ማክስ ፕላንክ ተቋም ውስጥ፣ የአንድ ቬሲክል ሞለኪውሎች ተቆጥረው ነበር። ሲናፕቶብሬቪን የሚባለው ፕሮቲን 70 ገደማ ተገኘ። ፓምፑ ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? 1 ወይም 2። ያቺ አንድ ፓምፕ ከተበላሸች መጠባበቂያ የላትም።

የፋርማሲው ልጅ

እሺ ተሸንፌያለሁ። ግን በመድኃኒት በኩል ልካስ።

ሬዘርፒን ድሮ ለደም ግፊት በሰፊው ይሰጥ የነበረ መድኃኒት ነው። ቪማትን ይዘጋል። ፓምፑ ይሠራል፣ ቬሲክሉ አሲድ ነው፣ በሩ ግን ተዘግቷል። ውጪ የቀረውን ዶፓሚን ማኦ የሚባለው ኢንዛይም ያቃጥለዋል፤ ማኦ የሚገኘው ማይቶኮንድሪያ ላይ ነው። ማኦ ባይኖርም ዶፓሚን በገለልተኛ ፒ ኤች ራሱን በራሱ ኦክሲዳይዝ ያደርጋል። ስለዚህ የቬሲክሉ አሲድ ጉልበት ብቻ ሳይሆን ፍሪጅም ነው።

ስዊድናዊው ተመራማሪ አርቪድ ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለጥንቸሎች ሬዘርፒን ሰጠ። ጥንቸሎቹ ደነዘዙ፣ መንቀሳቀስ አቃታቸው። ኤል-ዶፓ (ዶፓሚን የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ) ሲወጋቸው ተነሡ። ለፓርኪንሰን ሕክምና መንገድ የጠረገው ይሄ ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2000 ኖቤል ተሸለመ።

ነርስ ነኝ፣ አይ ሲ ዩ

ጣልቃ ልግባ። የመንጋጋ ቆልፍ በሽተኛ ስናክም ሁሌም የምገረምበት ነገር ነው። የቴታነስ መርዝም እንደ ሬዘርፒን ቬሲክሉን ባዶ ያደርጋል ማለት ነው?

ጎቲንገን፣ ላብ ውስጥ

አይ፣ ሲስተር። እዚያ ቬሲክሉ ሙሉ ነው። መርዙ የሚቆርጠው ቅድም ያልኩትን ሲናፕቶብሬቪንን ነው፤ እሱ ከሌለ ቬሲክሉ ከሴሉ ገለፈት ጋር መዋሃድ አይችልም። በአከርካሪ ውስጥ ጡንቻን «ተው» የሚሉት ነርቮች ጋባና ግላይሲን ተሞልተው፣ ማውጣት አቅቷቸው ይቀመጣሉ። የሚከለክል ሲጠፋ ጡንቻው ይገተራል። ሬዘርፒን ጎተራውን ባዶ ያደርጋል፣ ቴታነስ የሞላውን ጎተራ በር ይቆልፋል።

ከአወዳይ

ጫትስ? ሳይነሣ እንዳይቀር 😅

የፋርማሲው ልጅ

ይሄንንማ እኔ ልመልስ። የጫቱ አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር የሚመሳሰል ሞለኪውል ነው። በዋናነት የሚይዘው የቬሲክሉን በር ሳይሆን የነርቭ ሴሉን የውጪ በር ነው፤ የተለቀቀውን ዶፓሚን መልሶ የሚሰበስበውን። እሱን ወደ ኋላ ያዞረዋል፣ ዶፓሚን ከውስጥ ወደ ውጪ ይፈሳል። ያ ነው ምርቃናው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖን ወደ ደካማው ካቲን ይቀየራል። በኮባ ተጠቅልሎ በሩጫ የሚጫነው ወደው ነው እንዴ?

ሁለተኛ ዓመት ሜዲሲን (ጠያቂ)

ሁላችሁም ተባረኩ። ጋሼ፣ የፕሮቶኑን ስሌት ሁለቴ ሠራሁት፤ እውነትም 0.03 ነው! ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

ጋባን ቆጠርኩ፦ ገለልተኛ ይገባል፣ አንድ ፕሮቶን ይወጣል። አንድ ፕሮቶን፣ አንድ ቻርጅ። ከሁለቱም ቁጠባ እኩል ያወጣል። ስለዚህ በናይጀሪሲንም በቫሊኖማይሲንም ይቀንሳል፣ ግን አንዳቸውም ብቻቸውን ሙሉ በሙሉ አያቆሙትም። ልክ ነኝ?

ጎቲንገን፣ ላብ ውስጥ

ልክ ነሽ ዶክተር። አሁን ስላይዱን ዝጊና ተኚ።

ሁለተኛ ዓመት ሜዲሲን (ጠያቂ)

አልተኛም፤ ገና ለጓደኛዬ ደውዬ ማስረዳት አለብኝ።