እማዬን ይዘን ገጠር ልንወጣ ነው፣ ግን የት?

ማሂ ከለንደን፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ጋ ነች። ከመጣች ጀምሮ «የእንግሊዝ ገበሬ የታለ?» እያለችኝ ነው። ሜይ ላይ ልጆቹ ለሃፍ ተርም (ለተርሙ አጋማሽ ዕረፍት) ሲዘጉ ከዓርብ እስከ እሁድ ኮትስወልድስ የሚባለው ገጠር ልንወስዳት አስበናል። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ወንድሜ፣ እማዬና ሦስት ልጆች ነን። ትልቁ 14 ዓመቱ ነው፤ ዋይፋይ የሌለው ቤት ለሱ ቤት አይደለም። ትንሿ 4 ዓመቷ ነው፤ ውኃ ካየች ጫማዋን ታወልቃለች። እማዬ 76 ሞልቷታል። ጉልበቷን ያማታል፣ ግን «ደከመኝ» የሚል ቃል ከአፏ አይወጣም። ደግነቱ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ዓርብም ጾም የለም።

ባለቤቴ የስድስት መንደር ዝርዝር አውጥቷል። እኔ አንድ ቦታ እንረፍ ባይ ነኝ። ደግሞ እማዬ ያለ ቡና አትውልም። በኪራይ ቤት ዕጣን ማጨስ ይቻላል?

ሾፌሩ፦
እህቴ፣ ዝርዝሩን ቅደጂው። እኔ ቅዳሜና እሁድ ሰው ጭኜ የምዞረው እዚያው ነው። ካርታ ላይ መንደሮቹ ጎረቤት ናቸው። መንገዱ ግን ጠባብ ነው፤ ከፊት መኪና ከመጣ አንዳችሁ ወደ ኋላ ትመለሳላችሁ። ትልቅ ሰው ደግሞ ከመራመድ ይልቅ መኪና ውስጥ መግባት መውጣቱ ነው የሚያደክመው።

ከመንደሩ በፊት ቤቱን ምረጪ። የድሮ የድንጋይ ቤቶች ፎቷቸው ያምራል፣ ደረጃቸው ግን እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ነው። ለአከራዩ ጻፊለት፦ ግራውንድ ላይ መኝታ አለ? ሻወሩስ ለብቻው ነው ወይስ ገንዳው ላይ? ብዙ ቦታ ገንዳው ላይ ነው። ጠርዙ ጉልበት ድረስ ይመጣል። እናትሽ አንድ እግራቸውን አንስተው፣ የሚይዙት ነገር ሳይኖር፣ እርጥብ ላይ ሊረግጡ ነው። ይኼን ፎቶው አያሳይሽም።

ለናንተ ቦርተን ኦን ዘ ዋተር ይሻላል። ሜዳ ነው። ዊንድረሽ ወንዝ መሃሉን አቋርጦ ያልፋል፣ ጥልቀት የለውም፣ ልጆች ይንቦጫረቁበታል። የመንደሩ ትንሽ ሞዴልም አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 የተከፈተ፣ የትክክለኛው አንድ ዘጠነኛ። ሞዴሉ ውስጥ ደግሞ የሞዴሉ ሞዴል አለ፤ ለትንሿ ይኼ ብቻ ይበቃታል። ካስል ኩም የሚባለውን መንደር ግን ተዪው። መኪና የሚቆመው አናት ላይ ነው። መውረዱስ ይሁን፣ መመለሻው ዳገት ነው። ቦርተንም በጊዜ ካልደረሳችሁ ፓርኪንግ አታገኙም፣ ሰዉ ጉድ ነው።

የባዝ ልጅ፦
መኪና ግድ ነው ያለው ማነው? ለንደን ካለው ፓዲንግተን ጣቢያ እስከ ባዝ ከተማ ቀጥታ ባቡር አለ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ግድም ነው። ፋሚሊ ኤንድ ፍሬንድስ ሬልካርድ የሚባለውን የባቡር ቅናሽ ካርድ አውጡ። በአንድ ካርድ እስከ አራት አዋቂና አራት ልጅ ይሄዳል። ለአዋቂ ሲሶው፣ ለልጅ 60 በመቶው ይቀነሳል። ትንሿ ከ5 ዓመት በታች ስለሆነች በነጻ ነች።

ደግሞ ጃንሆይ በስደት የኖሩበት ፌርፊልድ ሃውስ እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ገዝተውት፣ እስከ 1940 ኖረውበት፣ በ1958 ለአረጋውያን እንዲሆን ለከተማዋ ሰጡት። በእናትሽ ዕድሜ ላለ ሰው ይኼ ከስድስት መንደር ይበልጣል። ሁልጊዜ ክፍት አይደለም፣ ቀኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ገጠር ካላችሁ ሌኮክ የሚባል መንደር ቅርብ ነው። መንደሩ ከሞላ ጎደል የቅርስ ጠባቂው ድርጅት የናሽናል ትረስት ነው፤ ቤቶቹን ማንም እንዳሻው አይነካካቸውም።

ሦስተኛ ቡና፦
ዕጣኑን እርሺው፣ የጭስ ደወሉ መንደሩን ይቀሰቅሰዋል። ቡናውን ቤትሽ ቆልተሽ ፈጭተሽ ያዢ። ምድጃው ኢንዳክሽን ከሆነ የሸክላ ጀበና አያፈላም፤ እሱንም አከራዩን ጠይቂ። ዝናብ መጣ ብላችሁ ደግሞ የከሰል ምድጃ ወደ ውስጥ እንዳታስገቡ። ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ማሂ ከለንደን፦
እግዜር ይስጥልኝ። ባለቤቴ አራቱን መንደር ሰርዟል፣ በሁለቱ እየተደራደርን ነው። ለእማዬ የጃንሆይን ቤት ስነግራት «ነጠላዬ ታጥቧል?» አለችኝ። የባዝ ልጅ፣ ከባቡር ጣቢያው በእግር ያስኬዳል?

የባዝ ልጅ፦
ከእናትሽ ጋር አይሞከርም። ከመሃል ከተማ ወጣ ብሎ ኬልስተን ሮድ ላይ ነው። ሰባት ስለሆናችሁ ትልቁን ታክሲ ከዋዜማው እዘዙ።