ፈረንጁ «አይ ወር» ይላሉ፤ እኔ ነኝ ስህተቱ?

የጣና ዳር ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ባህር ዳር አስጎብኚ ነኝ። ትናንት ዘጌ ላይ ቡና እየጠጣን አንድ የዮርክሻየር (ሰሜን እንግሊዝ) ሽማግሌ ስለ ልጅነታቸው ሲያጫውቱኝ በ«አይ ዋዝ» (I was) ፈንታ «አይ ወር» (I were) አሉኝ። አንዴ ቢሆን አዳልጧቸው ነው እል ነበር፤ ደጋገሙት። «ናውት» የምትባል ቃልም አለቻቸው፣ አስር ጊዜ ሰምቼ አልገባችኝም። እኔ እኮ 7ኛ ክፍል «አይ ወር» ብዬ ኩርኩም ቀምሻለሁ! ሰውዬው ደግሞ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፣ አልተማሩም እንዳልል። ማን ነው ልክ?

ቲቸር፦
ሁለታችሁም። እዚያ አገር ብዙ ሰው «ዋዝ» በሚባልበት «ወር» ይላል። «ናውት» ምንም ማለት ነው፣ «አውት» ደግሞ አንዳች ነገር። መደበኛ የምንለው እንግሊዝኛ ከሰማይ አልወረደም። መንግሥቱም ጽሕፈት ቤቱም ለንደን ዙሪያ ስለነበር የዚያ አካባቢ አነጋገር ገነነ፤ እ.ኤ.አ. በ1476 ዊልያም ካክስተን ማተሚያውን ዌስትሚንስተር ሲተክል ደግሞ በወረቀት ጸና። ዮርክ ተክሎት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ኩርኩሙን የምትቀምሰው «አይ ዋዝ» ብለህ ነበር።

ፈተና የደከመው፦
ቲቸር ጥሩ ብለሃል፤ ግን ልጁ አይኤልትስ የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ «አይ ወር» ብሎ ቢጽፍ ማን ያድነዋል? ፈረንጅ ሲለው ቀበልኛ፣ ሀበሻ ሲለው ስህተት። አለቀ።

ጎጃሜዋ፦
ፈረንጅም ቢሆን አይማርም ባክህ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቢቢሲ ዊልፍሬድ ፒክልስ የሚባል የዮርክሻየር ሰው ዜና ቢያስነብብ አድማጩ አጉረመረመ። የገዛ አገራቸው ሰው እኮ ነው! እኔም አዲስ አበባ ልማር ሄጄ «ተባህር ዳር ነው የመጣሁ» ብል ዶርሙ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ «ከ» «ከ» ስል ከርሜ አንድ ቀን ለእናቴ ስደውል፣ «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው። አሁን ቢሮ «ከ»፣ ቤት «ተ»። እንግሊዝኛውንም እንደዚያው አድርገው፤ ለፈተና «ዋዝ» ጻፍ፣ ሰውዬውን ግን እንዳታርማቸው።

የጣና ዳር ልጅ፦
ኧረ አላረምኳቸውም! አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ከጀልባው ሲወርዱ እጄን ጨብጠው «ታ፣ ላቭ» አሉኝ። ወንድ ለወንድ!

ቲቸር፦
ሃሃ፣ አትደንግጥ። «ታ» አመሰግናለሁ ነው። «ላቭ»ን እንደኛ «ወንድምዓለም» ቁጠራት።