ኢዮብ ተጸጸተ፤ የተገሠጹት ግን ወዳጆቹ ናቸው

የእድር ጸሐፊ፦
የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ከሆንኩ 11 ዓመቴ ነው። ድንኳን ሲተከል ወንበር ቆጥሬ የማስረክበው፣ በሠልስቱ ደግሞ «እስኪ ሁለት ቃል ተናገር» የምባለው እኔ ነኝ። ባለፈው ወር ጎረቤታችን የ19 ዓመት ልጃቸውን በመኪና አደጋ አጡ። ተነሥቼ «እግዚአብሔር ያለ ምክንያት ምንም አያደርግም፤ ራሳችንን እንመርምር» አልኩ። አስከትዬም የኢዮብን ትዕግሥት ተመኘሁላቸው። አባትየው ከፍራሹ ቀና ብለው አዩኝና ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፈ ኢዮብን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ትዕግሥተኛ የምንለው ኢዮብ ገና በ3ኛው ምዕራፍ የተወለደባትን ቀን ይረግማል። ወዳጆቹ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ደግሞ ለእግዚአብሔር ጥብቅና ቆመው፣ መከራው የመጣብህ በድለህ ነው እያሉ ይሞግቱታል፤ የእነርሱን ንግግር ሳነብ የራሴን ድምፅ ሰማሁ። ያልገባኝ 42ኛው ምዕራፍ ነው። ቁጥር 6 ላይ ኢዮብ በአፈርና በአመድ ላይ ይጸጸታል። ቁጥር 7 ላይ ግን እግዚአብሔር የሚቆጣው በኤልፋዝና በሁለቱ ባልንጀሮቹ ነው፤ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ይላቸዋል። ቅን የተናገረ ሰው ታዲያ ምን አጸጸተው?

የሰንበት መምህር፦
ከፍ ብሎ ቁጥር 3ን ተመልከት፤ የማላስተውለውን ተናገርኩ ነው ያለው። በድዬ ነበር አላለም። ኤልፋዝ በ22ኛው ምዕራፍ ሂሳቡ እንዲገጥምለት ኃጢአት ፈጥሮ ይለጥፍበታል፦ የታረዙትን ገፈፍህ፣ የደከመውን ውኃ ከለከልህ እያለ። እግዚአብሔር በዐውሎ ነፋስ ሲናገር ከዚህ ክስ አንዱንም አያነሣም። የሚጠይቀው ስለ ምድር መሠረት፣ የበረሃ ፍየሎች መቼ እንደሚወልዱ ነው። ኢዮብ ዝቅ ያለው የሚያውቀው ትንሽ መሆኑን አይቶ እንጂ የወዳጆቹን ክስ ተቀብሎ አይደለም። በሰማይ በእግዚአብሔርና በሰይጣን መካከል ስለ እርሱ የተነገረውን፣ እኛ በ1ኛው ምዕራፍ የምናነበውን፣ እርሱ እስከ መጨረሻው አልሰማም።

መንገደኛ፦
ሉቃስ 13ንም ጨምርበት። የሰሊሆም ግንብ 18 ሰዎች ላይ ወድቆ ሲገድላቸው ጌታ «ከሌሎቹ ይልቅ ኃጢአተኞች ነበሩን?» ብሎ ራሱ ጠይቆ ራሱ አይደለም አለ። ንስሐ ግቡ ያለው በሕይወት ያለነውን ነው፤ በሟቾቹ ላይ አልፈረደም።

የአንድ ልጅ እናት፦
ልጄን ከቀበርኩ 6 ዓመት ሆነኝ። የኢዮብ በጎች 7,000 ነበሩ፣ 14,000 ሆኑ፤ ግመሎቹም ከ3,000 ወደ 6,000። ልጆቹ ግን 10 ነበሩ፣ የተጨመሩትም 10 ብቻ ናቸው። የነፍስ አባቴ «የፊተኞቹ በእግዚአብሔር ዘንድ ስላሉ ሲደመሩ እጥፍ ይሆናሉ» አሉኝ። አምናለሁ። አልጋው ግን ባዶ ነው።

ወንድሜ፣ ወዳጆቹም እኮ 7 ቀንና 7 ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር፤ ያበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። እኔ ዘንድ አንዲት ጎረቤት በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እየመጣች ምስር ትለቅምልኝ ነበር። ጠጠሩን ሰፌዱ ዳር ላይ ትሰበስባለች፤ ስትጨርስ ተነሥታ ትሄዳለች። ምን እንዳለችኝ አላስታውስም፤ ምንም ያለችኝ አይመስለኝም።

የእድር ጸሐፊ፦
አመሰግናለሁ፣ እህቴ። ኤልፋዝ እንኳ የዳነው ኢዮብ ጸልዮለት ነው፤ እኔ ጎረቤቴን «ጸልዩልኝ» ለማለት አፍ የለኝም። ትናንት ሄጄ ደጃፍ ላይ የልጁን ብስክሌት ለታናሽየው ሲያስተካክሉ አገኘኋቸው። ጎማው እስኪነፋ ፓምፑን ያዝኩላቸው። ለእድሩም በሠልስት የሚናገር ሌላ ሰው እንዲፈልጉ ነግሬያቸዋለሁ፤ ወንበር መቁጠሩን ግን አልተውኩም።