መልቲ ካሽ በአሮጌ የዛፍ አትክልት ስፍራ፦ የመጨረሻው ነጥብ ኩሬ መሃል ወደቀ

የዛፍ_ጥላ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አምስት ጣቢያ ያለው የጂኦካሺንግ (የተደበቀ ዕቃን በጂፒኤስ የመፈለግ ጨዋታ) መልቲ ነው፣ ማለትም የየጣቢያው ፍንጭ ተደምሮ ወደ ካሹ (ወደተደበቀው ዕቃ) የሚያደርስበት፤ ቦታው በካብ የታጠረ፣ ትልልቅ ዛፍ የሞላበት አሮጌ የአትክልት ስፍራ። አራቱ ጣቢያ አልቋል፣ የቀረው ዕቃው ያለበት አምስተኛው ነው። ቀመሩ፦ የሰሜኑ ደቂቃ 14.(ለ×ለ+ሀ)፣ የምሥራቁ ደቂቃ 52.(40×ሐ+7)። ሀ በትልቁ ዛፍ ሰሌዳ ላይ ያለው የተከላ ዓመት የመጨረሻ አሃዝ ነው (4)፣ ለ የድንጋዩ ደረጃ መርገጫ ብዛት (18)፣ ሐ የዓምዶቹ ብዛት (6)። ሲሰላ 14.328 እና 52.247 ይመጣል፤ ካርታው ላይ ግን ኩሬ መሃል ነው! የካሹ መግለጫ ግርጌ ላይ «ሰሜን 19» ተብሎ ተጽፏል፣ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። በዚያ ላይ ዛፎቹ ስር ሲገባ የስልኩ ቀስት አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ ይዘላል። መጠኑ ማይክሮ፣ አስቸጋሪነቱ ከ5 2.5፣ የመሬቱ ደረጃ ከ5 1.5።

ዲግሪና_ደቂቃ፦
መልሱ እጅህ ላይ ነው። 19 ማለት የሰሜኑ ደቂቃ አሃዞች ድምር፣ ማለትም ማመሳከሪያ ነው። ያንተ 1+4+3+2+8 = 18 ነው፣ ስለዚህ ስህተቱ ሰሜኑ ላይ ነው። ለ 17 ቢሆን 17×17+4 = 293፤ 1+4+2+9+3 = 19። ገጠመ።

18 ከየት መጣ? ደረጃ ሲቆጠር ሁሌም የሚያጣላው ይሄ ነው። ከታች ወደ ላይ እግር ያነሳህበትን ከቆጠርክ የመጨረሻው እርምጃ የሚያርፈው የላይኛው መደብ ወለል ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ መርገጫ አይደለም። የከፍታው ብዛት 18፣ የመርገጫው 17 ይሆናል።

የደቂቃ አንድ ሺኛ በሰሜን–ደቡብ 1.85 ሜትር ገደማ ነው። በ328 እና በ293 መካከል 35 ሺኛ አለ፣ ማለትም ነጥብህ ወደ 65 ሜትር ወደ ደቡብ ይወርዳል። ከኩሬው መውጣቱን ካርታው ላይ እየው። (በምሥራቅ–ምዕራብ ግን ይህን ቁጥር እንዳለ አትውሰድ፤ ከምድር ወገብ ስትርቅ ያንሳል፣ 60 ዲግሪ ላይ ግማሽ ይሆናል።)

በዚሁ ሁለት ወጥመድ ልጠቁም። ቀመሩ 47 ቢሰጥህ የሚጻፈው 14.047 እንጂ 14.47 አይደለም፤ ዜሮዋን የዘለለ 780 ሜትር ያህል ይስታል። ሁለተኛው፣ አንዳንድ የካርታ መተግበሪያ የሚቀበለው ዲግሪ፣ ደቂቃና ሰከንድ ነው። 14.293 ደቂቃ ማለት 14 ደቂቃ ከ17.6 ሰከንድ ነው። 29.3 ሰከንድ ብለህ ካስገባህ 360 ሜትር ገደማ ትርቃለህ። ቅርጹን መጀመሪያ አስተካክል፣ ዳተሙም (ነጥቡ የሚለካበት የምድር ሞዴል) ጂፒኤስ የሚጠቀምበት ደብሊውጂኤስ84 ይሁን።

ሰሜን_ፈላጊ፦
ስለ ቀስቱ መዝለል ልጨምር። ስልክ ገላጣ ሰማይ ስር በ5 ሜትር ገደማ ይስታል። ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል፣ በተለይ ዝናብ ያራሰው፣ ሲግናሉን ያዳክመዋል፤ ወፍራም ግንድና የድንጋይ ግንብ ደግሞ አንጥሮ ይመልሰዋል፣ ተቀባዩም የተንጸባረቀውን እንደ እውነተኛው ይቆጥራል። ካሹን የደበቀው ሰውም የለካው እዚያው ዛፍ ስር ነው፣ የሁለታችሁ ስህተት ሊደመር ይችላል። ስለዚህ ዜሮ ሜትር ካልታየኝ ብለህ አትዙር።

ከነጥቡ 30 ወይም 40 ሜትር ርቀህ ሰማይ የሚታይበት ቦታ ቁም። ስልኩን ሳታንቀሳቅስ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቅ፣ ቁጥሩ ሲረጋ አቅጣጫውንና ርቀቱን መዝግብ። ከሌላ ጎን፣ ቢቻል በ90 ዲግሪ ልዩነት፣ ድገመው። ሁለቱ መስመሮች የሚቋረጡበትን ቦታ በዓይንህ ያዝ፤ ፍለጋው እዚያ ነው። በማግኔት ኮምፓስ የምትሄድ ከሆነ የአካባቢውን የማግኔት ዝንፈት (ኮምፓሱ በሚያሳየው ሰሜንና በእውነተኛው ሰሜን መካከል ያለውን ልዩነት) አስተካክል፤ 10 ዲግሪ ስህተት በ40 ሜትር ላይ 7 ሜትር ይሆናል። የብረት በር አጠገብም አትለካ። የስልክ ሽፋን ማግኔት ካለው አውልቀው።

ካብ_አትንኩ፦
ሰሜን_ፈላጊ ያለው ለጫካ ልክ ነው፤ እዚህ ግን መስመር ይዞ በቀጥታ መሄድ አይቻልም። እንዲህ ያለ አትክልት ቦታ ላይ ከመንገዱ ውጭ ያለው መሬት ስስ ነው፦ አፈር ውስጥ የተኛ እንደ ሽንኩርት ያለ የአበባ ስር አለ፣ ሲረገጥ የሚጠጥርና ስሩን የሚያፍን አፈር አለ። መስመሩን በዓይን ተከተሉ፣ በእግር መንገዱን። የመሬቱ ደረጃ 1.5 ማለት መውጣትም መንሸራተትም የለም ማለት ነው፤ ዕቃው ከመንገዱ እጅ ተዘርግቶ የሚደረስበት ቦታ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ።

ካቡን ድንጋይ በድንጋይ አትፍቱ። ያለ ጭቃ የተካበ ግንብ የሚቆመው በክብደቱ ነው፣ አንዱን ስትነቅሉ ከላይ ያለው ይዘምማል። የድንጋይ ሽበት የበቀለበት ድንጋይ ለብዙ ዓመት አልተነካም ማለት ነው፣ እለፉት። ያለ መሬቱ ባለቤት ግልጽ ፈቃድ መቆፈርም በጨዋታው ደንብ ክልክል ነው፤ መሬት እየተማሰ አይደበቅም።

ማይክሮ ከ100 ሚሊ ሊትር በታች ነው፣ የድሮ የፎቶ ፊልም ቆርቆሮ የሚያህል። ዓይን የሚይዘው ዕቃው ሳይሆን ያልተለመደው ነው፦ ሦስት እንጨት እኩል ተደርድሮ፣ ከላይ ደረቅ ከስር እርጥብ መሆን ሲገባው የተገለበጠ ድንጋይ፣ የወይራ ግንድ ስር የተቀመጠ የጥድ ቅርፊት። ሽንቁር ውስጥ እጅ ከማስገባት በፊት በትንሽ መስታወትና በባትሪ እዩ። ወረንጦ ያዙ፣ ፈላጊዎች የሚፈርሙበት የተጠቀለለው ወረቀት ያለ እሱ እየተቀደደ ነው የሚወጣው።

የዛፍ_ጥላ፦
14.293 ከኩሬው በስተደቡብ፣ መንገዱ ሹካ የሚሆንበት ላይ ወደቀ። አመሰግናለሁ! አንድ ጥያቄ፦ የቅርብ ጊዜ ፈላጊዎች ወረቀቱ ርሷል ብለዋል። አዲስ ልተካለት?

ካብ_አትንኩ፦
የራሰውን አታውጣ፣ የባለቤቱ መዝገብ ነው። ለመፈረሚያ የምትሆን ትንሽ ደረቅ ወረቀት ጨምርና ለባለቤቱ በመተግበሪያው አሳውቅ። በእርሳስ ፈርም፣ እስክሪብቶ እርጥብ ላይ ይፈሳል። ውሃ የሚያስገባው አብዛኛውን ጊዜ የወረቀቱ ጫፍ ክዳኑ ላይ ተነክሶ መቅረቱ ነው፣ ወይም የክዳኑ ማጥበቂያ ጥርስ ላይ የገባ አሸዋ። ጥርሱን በጨርቅ ጥረግ፣ ወረቀቱን ከዕቃው አፍ አሳጥረህ አጥብቀህ ጠቅልል፣ ክዳኑን እስኪያያዝ ግጠም። ስትመልሰውም የተሻለ መደበቂያ አገኘሁ ብለህ አታዛውረው፤ ከኋላህ የሚመጣው የሚፈልገው በዚያው ነጥብ ነው።